ሶፍት ኮፒው ሳይበላሽ እንዲደርስ

ዲጂታል ሲቪ የአንድ ሥራ ፈላጊ ትምህርት፣ ልምድና ችሎታ በአንድ ወይም በሁለት ገጽ ተጽፎ፣ በፋይል ተቀምጦ፣ በኢሜይል፣ በቴሌግራም ወይም በቀጣሪው ድረ ገጽ የሚላክ ሰነድ ነው። በየመሥሪያ ቤቱና በየፎቶ ኮፒ ቤቱ የሚጠራበት ስም ሶፍት ኮፒ ነው። ወረቀት በእጅ ሲሰጥ ተቀባዩ ሰጪው የጻፈውን እንዳለ ያየዋል። ፋይል ግን ላኪው አይቶት በማያውቅ ኮምፒውተር ወይም ስልክ ላይ ይከፈታል፤ ፊደሉ ሊዘበራረቅ፣ ገጹ ሊቆራረጥ፣ አልፎ ተርፎም ጨርሶ ላይከፈት ይችላል። ስለዚህ ዲጂታል ሲቪ የሚያዘጋጅ ሰው አስቀድሞ የሚያሳስበው ሁለት ነገር ነው፦ ሲከፈት ይነበባል ወይ? የተጻፈውስ በፎልደር ካለው ማስረጃ ጋር ይገጥማል ወይ? የቀለሙና የቅርጹ ነገር ከእነዚህ በኋላ ይመጣል።

በምሥራቅ ጎጃም ለምትገኘው ሮብ ገበያ ጉዳዩ ከርቀት ጋር የተያያዘ ነው። የክፍት የሥራ ቦታ ማስታወቂያ የታወቀ ቋንቋ አለው፦ ማስታወቂያው ከወጣበት ቀን ጀምሮ ባሉት ተከታታይ የሥራ ቀናት፣ ኦርጅናልና የማይመለስ ፎቶ ኮፒ ይዞ፣ በአካል ቀርቦ መመዝገብ። አራት ኪሎ ለሚኖር ሰው ይህ የአንድ ጠዋት ሥራ ነው። ከሮብ ገበያ የሚነሳው ግን ወደ ደብረ ማርቆስ ወይም ወደ ባሕር ዳር መሳፈር፣ አዲስ አበባ ከሆነም በደጀን ወርዶ የዓባይን በረሃ መሻገር፣ አልጋ መያዝና ምግብ መግዛት ይኖርበታል። ያን ሁሉ አውጥቶ ለምዝገባ ብቻ ይሄዳል፤ ለፈተና ከተጠራ ደግሞ ይመለሳል። ማስታወቂያው ራሱ ዘግይቶ ስለሚሰማ ከተሰጡት ቀናት ግማሹ ከመንገድ በፊት ያልቃል። ፋይል ይህን ወጪ ሙሉ በሙሉ ባያስቀርም የመጀመሪያውን ጉዞ ያስቀራል፤ የመጀመሪያው ጉዞ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ምንም የማይገኝበት ነው።

ለረጅም ዘመን ሥራ የሚፈለገው በጋዜጣ ነበር። ከ1933 ዓ.ም ጀምሮ የሚታተመው አዲስ ዘመን፣ በኋላም ሪፖርተር፣ የሥራ ማስታወቂያ የሚታደንባቸው ገጾች ሆነው ኖረዋል። አራት ኪሎ ላይ ጋዜጣ እያከራዩ የሚተዳደሩ ሰዎች ነበሩ፤ ሥራ ፈላጊው በትንሽ ሳንቲም ተከራይቶ፣ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ፣ ስልክ ቁጥርና የመዝጊያ ቀን ገልብጦ ይመልሳል። ከዚያ ኢትዮጆብስን የመሰሉ ድረ ገጾች መጡ። አዲስ ተመራቂዎችን ከቀጣሪ የሚያገናኘው ደረጃ የተባለው መርሐ ግብርም ከዚሁ ወገን ነው። ሐሁጆብስና በቴሌግራም ላይ የሚሠራው አፍሪወርክ ተከተሉ። በ2014 ዓ.ም የተቋቋመው የሥራና ክህሎት ሚኒስቴርም ሥራ ፈላጊን፣ ቀጣሪንና ወደ ውጭ አገር ለሥራ የሚሄደውን ዜጋ በአንድ የሚመዘግብ የሥራ ገበያ መረጃ ሥርዓት ዘርግቷል። ይሁንና በተግባር ብዙው ወጣት ማስታወቂያ የሚያገኘው በቴሌግራም ቻናል ነው። ስልኩ እጁ ላይ ነው፣ ጥቅሉ ትንሽ ቢሆንም ጽሑፍ ለማንበብ ይበቃል።

የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች፣ በተለይ የወረዳና የዞን መሥሪያ ቤቶች፣ ዛሬም በአብዛኛው በአካልና በወረቀት ይመዘግባሉ። ባንኮች፣ አየር መንገዱ፣ መንግሥታዊ ያልሆኑ ድርጅቶችና የግል ኩባንያዎች ግን በኦንላይን ወደ መቀበል እያዘነበሉ ነው። ስለዚህ በዚህ አካባቢ ያለ ሥራ ፈላጊ ወረቀቱንም ፋይሉንም መያዝ ግድ ይለዋል፤ ሁለቱም አንድ ዓይነት ነገር መናገር አለባቸው።

ምን ይጻፋል?

ከላይ የሚቀመጠው ስም፣ ስልክ፣ ኢሜይልና የሚኖሩበት ከተማ ነው። ስም ቀላል ይመስላል፤ ብዙ ጣጣ የሚነሳው ግን ከስም ነው። አንድ የኢትዮጵያ ስም በእንግሊዝኛ ፊደል ሲጻፍ ሁለት ሦስት ዓይነት አጻጻፍ ሊኖረው ይችላል። ጸጋዬ፣ ኃይሌ፣ ጥሩወርቅ የሚሉት ስሞች በ12ኛ ክፍል ውጤት ላይ አንድ ዓይነት፣ በዲግሪው ላይ ሌላ፣ በመታወቂያው ላይ ሦስተኛ ሆነው ይገኛሉ። ሰው ሲያነበው ልዩነቱን ያልፈው ይሆናል፤ የኮምፒውተር መዝገብ ግን ሦስት ሰው አድርጎ ይቆጥራቸዋል። የሚሻለው በዲግሪው ወይም በዲፕሎማው ላይ ያለውን አጻጻፍ ይዞ በሲቪው፣ በኢሜይል አድራሻው፣ በፋይሉ ስምና በድረ ገጹ ቅጽ ላይ ሳይለዋውጡ መጠቀም ነው። ድረ ገጾቹ የቤተሰብ ስም ሲጠይቁም እንዲሁ ነው። የአባት ስም በአንዱ ላይ፣ የአያት ስም በሌላው ላይ ከገባ፣ ቀጣሪው ሲፈልግ አያገኝም።

ዘመን አቆጣጠር ሌላው ወጥመድ ነው። ሲቪው በእንግሊዝኛ ከተጻፈ ቀኖቹ በፈረንጅ አቆጣጠር መሆን አለባቸው፤ ብዙ ሰው ደግሞ ለውጡን በጭንቅላቱ 8 ደምሮ ይጨርሰዋል። ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ የመጨረሻው ሳምንት ድረስ ልዩነቱ 7 ዓመት ነው፤ ከዚያ በኋላ እስከ ጳጉሜን 8 ይሆናል። በሐምሌ 2015 ዓ.ም የተመረቀ ሰው በፈረንጆቹ ጁላይ 2023 ተመርቋል። በጥቅምት 2016 ሥራ ከጀመረ ያው ኦክቶበር 2023 ነው። 8 ደምሮ 2024 ብሎ ቢጽፍ ከአንድ ዓመት በላይ ሥራ ፈትቶ የተቀመጠ ይመስላል፤ ከሥራ ልምዱም አንድ ዓመት ያጣል። በተቃራኒው ያልሠራው ዓመት ቢጨመርለት፣ ኦርጅናሉ ሲመሳከር ሐሰተኛ ይባላል። የሐሰተኛ የትምህርትና የሥራ ማስረጃ ጉዳይ መሥሪያ ቤቶችን ባስጨነቀበት በዚህ ጊዜ እንዲህ ያለ የቁጥር ስሕተት በቀላሉ አይታለፍም።

ትምህርት ከቅርቡ ወደ ኋላ ይጻፋል፦ ዲግሪው ወይም የቴክኒክና ሙያ ደረጃው፣ ተቋሙ፣ የተመረቁበት ጊዜ፣ ማስታወቂያው ከጠየቀ አጠቃላይ ውጤቱ። ከ2015 ዓ.ም ጀምሮ የመጀመሪያ ዲግሪ ተመራቂዎች ሁሉ አገር አቀፍ የመውጫ ፈተና ይወስዳሉ፤ ማለፊያው 50 በመቶ ነው። ስለዚህ ከዚያ ወዲህ የተመረቀ ሰው ፈተናውን ማለፉን በአንድ መስመር ቢገልጽ ጠቃሚ ነው። በቴክኒክና ሙያ የሠለጠነ ደግሞ ሲኦሲ በመባል የሚታወቀውን የብቃት ምዘና ማለፉን በደረጃው ይጽፋል። ለብዙ የቴክኒክ ሥራዎች ከዲፕሎማው ቀድሞ የሚታየው እሱ ነው።

የሥራ ልምድ ላይ ሲደርስ አዲስ ተመራቂው ይጨነቃል። ማስታወቂያው "0 ዓመት" ቢልም ባዶ ቦታ ያሳፍራል። ባዶ የሚያስቀረው ግን ልምድ ማለት ደመወዝ ብቻ ነው የሚለው አስተሳሰብ ነው። በምሥራቅ ጎጃም በቢቸና ዙሪያ ጤፍ የሚነግድ ቤተሰብ ልጅ ሁለት ክረምት የመደብሩን ገቢና ወጪ መዝግቦ ከሆነ፣ ለሒሳብ ሠራተኝነት ሲያመለክት የሚጻፍ ነገር አለው፤ ምን ይመዘግብ እንደነበር፣ በእጅ ወይስ በኤክሴል እንደሆነ፣ ስንት ደንበኛ በዱቤ ይይዝ እንደነበር። ኢንተርንሽፕ፣ የትብብር ሥልጠና፣ የክረምት በጎ ፈቃድ አገልግሎት፣ ተማሪ ማስጠናት፣ የሰንበት ትምህርት ቤት ሒሳብ ሹም መሆን ሁሉም ይጻፋሉ፤ የሚጻፉት ግን እንደነበሩ ነው። የመደብር ሥራን "ፋይናንስ ማናጀር" ብሎ መሰየም በቃለ መጠይቁ ሁለተኛ ጥያቄ ላይ ያጋልጣል።

ቀድሞ ለሠራ ሰው ደግሞ ዋናው የልምድ ደብዳቤው ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪው ሠራተኛው ሲጠይቅ ወይም የሥራ ውሉ ሲቋረጥ የሥራውን ዓይነት፣ የአገልግሎት ዘመኑንና ደመወዙን የሚገልጽ ማስረጃ ያለ ክፍያ እንዲሰጥ ያስገድዳል። ብዙ ሠራተኛ ይህን መብቱን የሚያስታውሰው ሌላ ሥራ ሲወጣ ነው፤ የቀድሞ አለቃው በዚያን ጊዜ ለቆ ሊሆን፣ ድርጅቱም ሊዘጋ ይችላል። በወጡበት ዕለት መቀበል ይሻላል። ከግል ድርጅት የተገኘ ልምድ ግብር የተከፈለበት መሆኑን የሚያሳይ ማስረጃ የሚጠይቁ ማስታወቂያዎችም ጥቂት አይደሉም። ያ ወረቀት ከሌለ በሲቪው ላይ ያለው ሦስት ዓመት እንደሌለ ሊቆጠር ይችላል።

ከስሙ ሥር የሚገባው አጭር መግቢያ አብዛኛውን ጊዜ የተኮረጀ ነው። "ታታሪ፣ በጫና ውስጥ መሥራት የሚችል፣ ለቡድን ሥራ የሚመች" የሚለው መስመር በስንት ሲቪ ላይ እንዳለ የሚያውቁት የጽሕፈት ቤት ልጆች ናቸው፤ ከአንዱ ወደ ሌላው የሚገለብጡት እነሱ ስለሆኑ። ሁለት መስመር ቢሆንም ተመራቂው ምን እንዳጠና፣ ምን መሥራት እንደሚችልና የትኛውን ሥራ እንደሚፈልግ ከገለጸ ይበቃል። ጋብቻ፣ ሃይማኖትና የቤተሰብ ሁኔታ ቀጣሪው ካልጠየቀ ቦታ መያዝ የለባቸውም። ፎቶግራፍም ማስታወቂያው ካላለ አያስፈልግም። ዋቢ የሚሆኑ ሁለት ሰዎች ስምና ስልክ የሚገባው ሰዎቹ አውቀው ከፈቀዱ ብቻ ነው፤ ሳያውቅ የተደወለለት መምህር "ማነው እሱ?" ካለ ጉዳቱ ከጥቅሙ ይበልጣል።

ፊደሉ ለምን ይዘበራረቃል?

የአማርኛ ሰነድ በሌላ ኮምፒውተር ላይ ሲከፈት ትርጉም የሌለው የእንግሊዝኛ ፊደልና ምልክት ክምር ሆኖ መታየቱ የዚህ አገር ጸሐፊዎች ሁሉ የሚያውቁት ችግር ነው። ምክንያቱ የቆየ ነው። ፓወር ግዕዝና ቪዥዋል ግዕዝን የመሰሉ የድሮ ፕሮግራሞች የግዕዝ ፊደልን የሚያስቀምጡት ለእንግሊዝኛ ፊደላትና ምልክቶች በተመደቡት ቁጥሮች ላይ ነበር። ኮምፒውተሩ የሚያስቀምጠው የእንግሊዝኛ ፊደል ነው፤ የአማርኛ መልክ የሚሰጠው ፎንቱ ብቻ ነው። ፎንቱ በሌለበት ማሽን ላይ ሲከፈት መልኩ ይወልቃል። በዓለም ላሉ ጽሕፈቶች ሁሉ የየራሳቸውን ቁጥር የሚሰጠው ዩኒኮድ የተባለው መለያ የግዕዝ ፊደልን በ1999 እ.ኤ.አ በወጣው ሦስተኛው እትሙ ውስጥ አስገባ። ከዚያ ወዲህ "ሀ" በየትኛውም ስልክና ኮምፒውተር ላይ "ሀ" ነው። ማይክሮሶፍት ኒያላ የተባለውን የዩኒኮድ ፎንት ከዊንዶውስ ቪስታ ጋር ማቅረብ ከጀመረ በኋላ ደግሞ ፎንት መጫን ራሱ ቀረ።

ሆኖም የድሮዎቹ ፕሮግራሞች በብዙ ጽሕፈት ቤቶች ገና አልሞቱም፤ የለመደ እጅ በቀላሉ አይለቃቸውም። በእነሱ የተጻፈ ሲቪ ወደ ፒዲኤፍ ቢቀየር መልኩ ይድናል፤ ፎንቱ አብሮ በፋይሉ ውስጥ ስለሚቀበር። ውስጡ ግን ያው የእንግሊዝኛ ፊደል ክምር ነው። ቀጣሪው በፋይሉ ውስጥ "ሒሳብ" ብሎ ቢፈልግ አያገኝም። መፈተኛው ቀላል ነው፦ ከፒዲኤፉ አንድ መስመር ገልብጦ ቴሌግራም ላይ መለጠፍ። አማርኛው አማርኛ ሆኖ ከወጣ ፋይሉ ደህና ነው፤ የማይነበብ ነገር ከወጣ እንደገና በዩኒኮድ መተየብ አለበት። በስልክ የሚጻፍ አማርኛ ሁሉ ዩኒኮድ ስለሆነ በዚህ ረገድ የስልኩ ሲቪ ከጽሕፈት ቤቱ ሲቪ ሊሻል ይችላል።

ቋንቋው ራሱ በቀጣሪው ይወሰናል። የአማራ ክልል የሥራ ቋንቋ አማርኛ በመሆኑ ለክልሉ መሥሪያ ቤት የሚገባ ማመልከቻ በአማርኛ ይጻፋል፤ ባንኮችና ዓለም አቀፍ ድርጅቶች ግን ሲቪውን በእንግሊዝኛ ይጠብቃሉ። ማስታወቂያው በወጣበት ቋንቋ መመለስ ብዙ ጊዜ አያሳስትም።

ፋይሉ የሚሠራበት ቦታ

ኮምፒውተር የሌለው ሰው ሁለት መንገድ አለው። አንደኛው በሞጣ፣ በቢቸናና በየትናንሽ ከተሞቹ ያለው የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት ነው። ፈጣን ነው፤ መብራት ካለ በአንድ ሰዓት ይጠናቀቃል። ጉድለቱ ሲቪው የሚሠራው ቀደም ሲል በተሠራ የሌላ ሰው ሲቪ ላይ መሆኑ ነው። የሌላው ሰው ስልክ ቁጥር፣ የትውልድ ዘመን ወይም ሙያ ሳይሰረዝ ቀርቶ ከነስሕተቱ የሚላክበት ጊዜ አለ። ስለዚህ ከመክፈል በፊት እያንዳንዱን መስመር ማንበብ፣ ያለቀውን ፋይል በፒዲኤፍም በወርድም ወደ ራስ ኢሜይል ወይም ቴሌግራም ማስላክ፣ ከዚያም ከቤቱ ኮምፒውተር እንዲጠፋ መጠየቅ ያስፈልጋል። በፍላሽ መውሰድ ይቻላል፤ ነገር ግን ከአሥር ኮምፒውተር የዞረ ፍላሽ ቫይረስ ይዞ ይመለሳል፣ ቀጣሪው ደግሞ ቫይረስ ያለበትን ፋይል አይከፍትም።

ሁለተኛው መንገድ ስልክ ነው። ጉግል ዶክስና ደብሊውፒኤስ ኦፊስ በነጻ ይገኛሉ፤ ሁለቱም ጽሑፉን ጨርሰው ወደ ፒዲኤፍ ይቀይራሉ። በትንሽ ስክሪን መጻፍ ያደክማል፤ ግን አንዴ ከተሠራ በኋላ ለእያንዳንዱ ማስታወቂያ ሁለት ሦስት መስመር ማስተካከል በቤት ሆኖ ያለ ወጪ ይቻላል። ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ የጽሕፈት ቤቱ ደንበኛ ለእያንዳንዷ ለውጥ ስለሚከፍል አንዱን ሲቪ ለሁሉም ሥራ ይልካል። ካንቫ በመሰሉ መተግበሪያዎች የሚሠሩት ባለ ሁለት ዓምድ፣ ባለ ቀለምና ባለ ምልክት ሲቪዎች ለዓይን ይማርካሉ። የትልልቅ ድርጅቶች ማመልከቻ መለያ ፕሮግራሞች ግን ዓምዱንና ሠንጠረዡን ቀላቅለው ሊያነቡት፣ በሥዕል መልክ የተቀመጠውን ጽሑፍ ጭራሽ ሊያልፉት ይችላሉ። በአንድ ዓምድ፣ በግልጽ ርዕስ፣ በጥቁር ፊደል የተጻፈው ተራ ሲቪ በሁሉም ቦታ ያልፋል። ለውጭ አገር የትምህርት ዕድል ለሚያመለክት የአውሮፓ ኅብረት በነጻ የሚያቀርበው ዩሮፓስ የተባለው ቅጽ አለ።

ለመላክ ፒዲኤፍ የሚመረጥበት ምክንያት አለ። አዶቤ ኩባንያ በ1993 እ.ኤ.አ ያወጣው ይህ ቅርጽ የተሠራው አንድ ሰነድ በየትኛውም ማሽን ላይ አንድ ዓይነት ሆኖ እንዲታይ ታስቦ ነው፤ በ2008 እ.ኤ.አ ዓለም አቀፍ ደረጃ ሆኗል። የወርድ ፋይል ግን እንደ ፕሮግራሙ እትምና እንደ ፎንቱ ይለዋወጣል፤ በአንድ ገጽ ያለቀው በሌላው ኮምፒውተር ወደ ሁለተኛው ገጽ ይፈስሳል። ቀጣሪው በወርድ ይላክ ካላለ ፒዲኤፉ ይላካል፤ ወርዱ ለማረሚያ ይቀመጣል። የፋይሉ ስም የአመልካቹ ስምና የሥራ መደቡ መሆን አለበት። "ኒው ሲቪ ፋይናል 3" የሚል ፋይል መቶ ማመልከቻ በሚወርድበት ኮምፒውተር ላይ ጠፍቶ ይቀራል።

ከሲቪው ጋር ማስረጃዎቹም ይጠየቃሉ፦ ዲግሪው ወይም ቴምፖራሪው፣ ስቱደንት ኮፒው፣ ሲኦሲው፣ የልምድ ደብዳቤው። እነዚህን በስልክ ካሜራ ፎቶ አንስቶ መላክ የተለመደ ነው፤ የተለመደ ስሕተትም ነው። አንድ የስልክ ፎቶ 3 ወይም 4 ሜጋ ባይት ስለሚደርስ ስድስት ማስረጃ ከ20 ሜጋ ባይት ሊያልፍ ይችላል። ጂሜይል 25 ሜጋ ባይት ይፈቅዳል፤ ብዙ የሥራ ድረ ገጾች ግን ከዚያ እጅግ ያነሰ ነው የሚቀበሉት። ካምስካነርን ወይም ጉግል ድራይቭ ውስጥ ያለውን መቃኛ ተጠቅሞ ወረቀቱን በቀን ብርሃን፣ በጠረጴዛ ላይ ዘርግቶ ማንሳት ጥላውንና ጠርዙን ይቆርጣል፣ ክብደቱን ይቀንሳል፣ ሁሉንም በአንድ ፒዲኤፍ ያጣምራል። ማኅተሙና ፊርማው መነበባቸውን አጉልቶ ማየት ነው። በቴሌግራም ሲላክም እንደ ፎቶ ከተላከ መተግበሪያው ጥራቱን ስለሚቀንሰው እንደ ፋይል መላክ አለበት።

መላክና ከዚያ በኋላ

ኢሜይል ሲላክ የርዕሱ ቦታ ባዶ መተው የለበትም፤ የሥራ መደቡ፣ የማስታወቂያው ቁጥር ካለ ቁጥሩ፣ የአመልካቹም ስም ይጻፍበታል። በአካሉ ላይ አራት አምስት መስመር ይበቃል፦ የትኛውን ሥራ፣ የት እንዳዩት፣ ለምን እንደሚመጥኑ፣ ምን እንዳያያዙ። የማመልከቻ ደብዳቤ ለብቻው ከተጠየቀ በአንድ ገጽ ተጽፎ ይያያዛል። ባዶ ኢሜይል ላይ ሲቪ ሰክቶ መላክ በር ሳያንኳኩ ወረቀት ወርውሮ እንደ መሄድ ነው። ብዙ ቀጣሪዎችን በአንድ ኢሜይል ውስጥ ደርድሮ መላክም አይገባም፤ ሁሉም የሁሉንም አድራሻ ያያል፣ ማንም ለእሱ የተጻፈ አይመስለውም።

የድረ ገጽ ቅጽ ሲሞላ ቅጹ የሚጠይቀው በሲቪው ላይ ያለውን ነው፤ ግን ሥርዓቱ የሚለየው ቅጹ ላይ በገባው ቁጥርና ምርጫ ነው። ማስታወቂያው በአንድ የትምህርት ዘርፍ ተወስኖ ሳለ አመልካቹ ሌላ ከመረጠ ሲቪው ሳይከፈት ሊወድቅ ይችላል። ሰዓቱም ሊያሳስት ይችላል። በአገር ውስጥ ጋዜጣ "እስከ 11 ሰዓት" ሲባል ከቀኑ 11 ሰዓት ነው። በዓለም አቀፍ ድረ ገጽ ላይ ከእኩለ ሌሊት በፊት 11፡59 ከተባለ ደግሞ በአገራችን አቆጣጠር ከሌሊቱ 5፡59 ይሆናል፤ ያውም የየትኛው አገር ሰዓት እንደሆነ ከታወቀ ነው። ሊንክድኢን፣ በ2003 እ.ኤ.አ ሥራ ጀምሮ በ2016 እ.ኤ.አ በ26.2 ቢሊዮን ዶላር በማይክሮሶፍት የተገዛው መድረክ፣ ሲቪን ሁልጊዜ ክፍት አድርጎ ማስቀመጫ ነው። በአዲስ አበባ ያሉ ቀጣሪዎች ይመለከቱታል፤ ለወረዳ ሥራ ግን እምብዛም አይጠቅምም።

በምሥራቅ ጎጃም የመጨረሻው ቀን ላይ መላክ አደገኛ ነው። መብራት ይጠፋል፤ ኔትወርክ ይሄዳል። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ እንደነበር የአካባቢው ሰው አይረሳውም። በእነዚያ ወራት በኦንላይን ብቻ የወጣ ማስታወቂያ ለክልሉ ወጣት እንዳልወጣ ያህል ነበር። አንዳንዱ ፋይሉን አዲስ አበባ ላለ ዘመድ በሰው እጅ ልኮ ያስመዝግብ ነበር። ከዚህ የተነሳ ሲቪውንና ማስረጃዎቹን አዘጋጅቶ በስልኩ፣ በኢሜይሉና በአንድ የሚታመን ሰው ዘንድ ማስቀመጥ፣ ኔትወርክ በተገኘ ሰዓት ሳይዘገዩ መላክ የዚህ አካባቢ ሥራ ፈላጊ ልማድ ቢሆን ይጠቅማል።

ፋይሉ የሚላክለት ማን እንደሆነም መታወቅ አለበት። ሲቪ ስም፣ ስልክ፣ አድራሻና የትምህርት ታሪክ በአንድ ላይ የያዘ በመሆኑ ለአጭበርባሪ ጥሩ ሲሳይ ነው። ባለ 12 አኃዙ የፋይዳ ቁጥር፣ የባንክ ሒሳብ ቁጥርና የፓስፖርት ቅጂ በሲቪ ላይ አይገቡም። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የሰዎችን የግል መረጃ የሚሰበስቡ አካላትን ግዴታ ደንግጓል፤ የቴሌግራም ቻናል ከፍቶ ሲቪ የሚሰበስብ ስሙ የማይታወቅ ሰው ግን በሕግ እስኪጠየቅ ድረስ ፋይሉ ብዙ ቦታ ደርሷል። ዋናው ምልክት ገንዘብ ነው። "ለምዝገባ"፣ "ለሥልጠና"፣ "ለዩኒፎርም" ተብሎ በቴሌብር አስቀድሞ ላኩ የሚል ማስታወቂያ ሥራ የለውም። ኢትዮጵያ በ1999 እ.ኤ.አ የተቀበለችው የዓለም ሥራ ድርጅት ስምምነት ቁጥር 181 የግል ሥራና ሠራተኛ አገናኝ ኤጀንሲዎች ከሠራተኛው ክፍያ እንዳይጠይቁ በመርሕ ይከለክላል። ወደ ውጭ አገር የሚወስድ ሥራ ከሆነ ጥንቃቄው እጥፍ ነው። በ2017 ዓ.ም በማይንማር ከሚገኙ የኦንላይን ማጭበርበሪያ ካምፖች ነጻ ከወጡት ሰዎች መካከል ብዙ ኢትዮጵያውያን ነበሩበት፤ የሄዱት ጥሩ ደመወዝ ያለው የኮምፒውተር ሥራ ተብሎላቸው ነው። የውጭ አገር ቅጥር በሕጋዊ ኤጀንሲና በሥራና ክህሎት ሚኒስቴር ምዝገባ በኩል መሆኑን ከወረዳው የሥራና ሥልጠና ጽሕፈት ቤት ማጣራት ይቻላል።

ከተላከ በኋላ የት፣ መቼ፣ ለየትኛው መደብና በየትኛው ሲቪ እንደተላከ በደብተር ወይም በስልክ መመዝገብ ያስፈልጋል። ከሁለት ወር በኋላ "ላመለከቱበት ሥራ ነው የምንደውለው" ሲባል "የትኛው?" ብሎ መጠየቅ ያሳፍራል። መልሱ በስልክ፣ በአጭር መልእክት ወይም በኢሜይል ይመጣል። ኢሜይሉ ብዙ ጊዜ ስፓም ወደሚባለው ማኅደር ስለሚገባ በየሁለት ቀኑ ማየት ነው። ሲም ካርድ የሚቀይር ሰው በሲቪው ላይ ያለውን ቁጥር ከቀጣሪው ጋር ካላስተካከለ ፈተናው ያልፈዋል። ኔትወርክ የሚቆራረጥበት ቀበሌ የሚኖር አመልካች ከተማ ላይ ያለ ዘመድ ስልክ በተለዋጭ ቢጽፍ ጥሩ ነው፤ ለዘመዱም አስቀድሞ መንገር አለበት።

ለፈተና ወይም ለቃለ መጠይቅ የተጠራ ሰው ኦርጅናሎቹን ሁሉ ይዞ ይሄዳል። በፋይል የተላከው እያንዳንዱ ማስረጃ በዚያ ቀን ከወረቀቱ ጋር ይመሳከራል፦ ስሙ፣ ዓመቱ፣ ማኅተሙ፣ የልምድ ደብዳቤው ቀን። ያላለቀ ወይም በሌላ ቦታ በመያዣ የተቀመጠ ማስረጃ ካለ ለዩኒቨርሲቲው ሬጅስትራር ወይም ለቀድሞው መሥሪያ ቤት የሚጻፈው ጥያቄ መላክ ያለበት ሲቪው በተላከበት ሳምንት ነው፤ ከደብረ ማርቆስ ወይም ከባሕር ዳር አንድ ወረቀት ለማውጣት አንድ ቀን አይበቃም።